አሥራ ዘጠነኛው ናሙና

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ባለችው ረዘም ያለች ክፍል ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ባልደረቦቿ «ምላጭ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ምላሷ ስለሚቆርጥ አይደለም፤ እንዲያውም ዝምተኛ ናት። ስሙ የእጇ ነው። ከሕመምተኛ ሰውነት ተቆንጥሮ የመጣ ሥጋ በሰም ተቀብሮ ሲደርሳት፣ መቁረጫው ማሽን ላይ አስራ መዘውሩን ቀስ እያለች ታዞራለች፤ ከስለቱ ሥር የሚወጣው ልጥ ከሽንኩርት ገለፈት ይቀጥናል። ልጡን በብሩሽ ጫፍ አንሥታ ለብ ያለ ውኃ ላይ ታንሳፍፈዋለች፤ ከዚያ በመስታወት ስላይድ ከሥሩ ገብታ ብድግ ታደርገዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ሠርታለች። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ናሙና አበላሽታ አታውቅም ይባልላታል። ሐኪሞቹም አስቸጋሪ ነገር ሲገጥማቸው «ይሄን ለምላጭ ስጡልኝ» ይላሉ።

የማያውቁት ነገር ግን ነበር። ምላጭ ማሽተት ካቆመች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

ሲጀምራት እንደ ማንኛውም ጉንፋን ነበር። ሦስት ቀን ትኩሳት፣ ሁለት ቀን ሳል፣ ከዚያ ድኛለሁ ብላ ተነሣች። ፀጉሯን ልትታጠብ ስትል ሻምፖው ምንም ምንም አልሸት አላት። ውኃ የቀላቀሉበት መሰላትና ጠርሙሱን ይዛ ባለሱቁን ልትጣላ ስትወጣ ልጇ ከበር መለሰቻት።

«እማዬ፣ ቤቱን ሁሉ አውዶት የለም እንዴ?» አለቻት።

ምላጭ ጠርሙሱን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። በሳምንት ይመለሳል ብላ ጠበቀች፤ አልተመለሰም። በወሩ ይመለሳል አለች፤ ወሩም አለፈ። ሎሚ ቆርጣ አፍንጫዋ ሥር ያዘች፤ ነጭ ሽንኩርት ጨፈለቀች፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሳይቀር አስጠግታ ሞከረች። ባዶ ነው። ከልጇ በቀር ለማንም አልነገረችም፤ ልጇንም አስምላ ነው የነገረቻት።

የደበቀችው በከንቱ አልነበረም። የምትሠራባት ክፍል በአፍንጫ የምትጠበቅ ክፍል ናት። ሥጋው የሚነከርበት ፎርማሊን፣ ሰሙ ከመግባቱ በፊት ውኃውንና ቅባቱን የሚያወጡት አልኮልና ዛይሊን በየጣሳው ተደርድረዋል፤ ሰም የሚቀልጥበት ምድጃም ከጎናቸው ነው። ክዳን ሳይገጠም ከቀረ ወይም ጣሳ ከፈሰሰ ቀድሞ የሚነግራቸው ሽታው ነው። ግድግዳው ላይ «ሽታ ሲበዛ ሁሉም ይውጣ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከዓመታት በፊት እዚያው ይሠራ የነበረ አንድ ሰው እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ለጊዜው» ተብሎ መዝገብ ቤት ተላከ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ከመዝገብ ቤቱም ተሰናበተ። ምላጭ ያንን አይታለች። ባሏ የሞተው ልጅቷ ገና ስትድህ ነው፤ አሁን ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። ሁለቱ የሚኖሩት በእነዚህ እጆች ነው። ሆድ ይፍጀው አለችና ዝም አለች።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት አብሯት ይኖር ጀመር። ጠዋት ስትወጣ የጋዙን መዝጊያ ሦስት ጊዜ ታጠብቃለች፤ ደረጃው ላይ ደርሳ ትመለስና አራተኛ ታጠብቃለች። ላብ ላብ እሸት ይሆን እያለች በቀን ሁለት ጊዜ ትታጠባለች። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ካዞረ ቀኑን ሙሉ ስታስበው ትውላለች። ወተት ከመፍላቱ በፊት ልጇን ጠርታ እንድታሸትላት ትጠይቃታለች። «የእናቴ አፍንጫ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ፤ እረፍት እንኳ የለኝም» እያለች ልጅቷ ትቀልዳለች። ምላጭ ትስቃለች፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

ሥራ ቦታ ደግሞ የሰው ፊት ማንበብ ተማረች። ከሁሉ በላይ የምታነበው የጋሽ ቀለምን ፊት ነው። ጋሽ ቀለም ስላይዶቹን ቀለም የሚነክሩት አዛውንት ናቸው፤ ጣቶቻቸው ዓመት እስከ ዓመት ሐምራዊ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀርቷቸዋል። እሳቸው አፍንጫቸውን ሸብሸብ ባደረጉ ቁጥር ምላጭ ብድግ ትላለች፤ ክዳን ትፈትሻለች፣ ጣሪያው ሥር ያለችውን ጠባብ መስኮት ትከፍታለች። እሳቸው ዘወር ካላሉላት ግን ምን እየሆነ እንዳለ አታውቅም። አንዳንድ ቀን ጋሽ ቀለም ሳይመጡ ሲቀሩ፣ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ በእጇ እየዳሰሰች ትውላለች።

እንዲህ እያለች ሦስተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል አንዲት ዶክተር ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ናት፤ ከምላጭ አሥር ዓመት ብታንስ ነው፤ ፈጥና ትራመዳለች፣ ፈጥና ትናገራለች። ሁሉንም ሰብስባ አዲስ ጥናት እንደጀመረች ነገረቻቸው። ከሕመም በኋላ ማሽተት ያጡና ዓመት ሁለት ዓመት አልፎም ያልተመለሰላቸው ብዙ ሰዎች ወደ እሷ ይመጣሉ። አፍንጫቸውን በካሜራ ስታየው ንጹሕ ነው፤ ምንም የለበትም። ታዲያ ሽታው የት ሄደ? ይህን ለማወቅ ከአፍንጫ ጣሪያ፣ የማሽተት ነርቮች ካሉበት የአውራ ጣት ጥፍር ከምታህል ቦታ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሥጋ መቆንጠር ያስፈልጋል። ከአሥራ አራት ማሽተት ካጡ ሰዎች ይወሰዳል፤ ከአሥር ጤነኞችም ይወሰዳል፤ ከዚያ ጎን ለጎን ይታያል። ቆራጭም ሆነ ቀለም ነካሪ እንዳያዳላ ናሙናዎቹ ያለ ስም በቁጥር ብቻ፣ ተደባልቀው ይመጣሉ።

ሌላው ሰው የምትለውን በወረቀት ይጽፋል። ምላጭ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ሲያሳድዳት የነበረው ነገር፣ አሁን በትንንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ተከቶ በራሷ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች መጡ። ቆረጠች። ጋሽ ቀለም ነክረው ማይክሮስኮፑ ላይ ሲያደርጉት «ነይ እይ» አሏት። ጤነኛ በሚመስለው ላይ፣ በቡናማ ቀለም የተነከሩት የማሽተት ነርቮች እንደ ቆመ የበቆሎ ማሳ ተሰልፈዋል። በሌላው ላይ ማሳው ከብት የገባበት ይመስላል፤ እዚህ ሁለት፣ እዚያ አንድ፣ ከዚያ ባዶ መሬት። በባዶው መካከል ሰማያዊ ነጠብጣቦች ተርመስምሰዋል። ዶክተሯ በኋላ እንዳስረዳቻቸው እነዚያ በሽታን የሚከላከሉ ሴሎች ናቸው፤ በሽታው ከሄደ ዓመት ቢያልፈውም እነሱ አልሄዱም፤ ጦርነቱ አልቆ ያልተበተነ ሠራዊት ናቸው፤ የሚበሉት ደግሞ የገዛ አገራቸውን ሳይሆን አይቀርም። ይህ ግን ገና ጥርጣሬ ነው አለች፤ የሚረጋገጠው ቁጥሩ ሲሞላ ነው።

ምላጭ ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና ስትል እጇ ሳታዝዘው ወደ አፍንጫዋ ሄዶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትተኛም ስትነሣም ነጠብጣቦቹ ግንባሯ ሥር ሲርመሰመሱ የሚሰማት ይመስላት ጀመር። ከአፍንጫ ወጥተው ወዴት ይሄዱ ይሆን እያለች ታስባለች። ወደ ዐይን? ወደ አንጎል? የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም፤ ከጠየቀች ለምን ጠየቅሽ ትባላለች።

ሕመምተኞቹ ቶሎ ተገኙ። ጤነኛው ነው የጠፋው። በጤናው አፍንጫውን የሚያስቆነጥር ማን አለ? ስለዚህ አንድ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ከራሳችን ሰው እንስጥ ብሎ ስም መጻፍ ጀመረ። ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ አይፈቀድም ስለተባለ ጋሽ ቀለም ወጡ። ሁለት ወጣት ሠራተኞች እጃቸውን አወጡ። ከዚያ ኃላፊው ዘወር ብሎ «ምላጭ አለች አይደለም እንዴ፤ የሰው ሥጋ ሃያ ዓመት ስትቆርጥ ኖራ አንድ ቀን ብትቆረጥ ምናለበት» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለገች። በጭንቅላቷ ውስጥ የመጣላት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ መናገር አትችልም።

«እሺ» አለች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ያቺ እሺ ሌላ ውሸት ወለደች። ሥጋ ከመቆንጠሩ በፊት ጤነኛ የተባለው ሰው በእርግጥ የሚያሸት መሆኑ ይፈተናል። ፈተናው አሥራ ስድስት እስክሪብቶ መሳይ ነገሮች ናቸው፤ ክዳናቸው ሲነሣ ይሸታሉ፤ ተፈታኙ ከአራት መልስ አንዱን ይመርጣል። ሣጥኑ የሚቀመጠው ምድር ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ሲሆን ቁልፉ ያለው ምላጭ ዘንድ ነው። የመልሱም ወረቀት እዚያው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ተማሪ ሸመደደች፤ አንድ ብርቱካን፣ ሁለት ቆዳ፣ ሦስት ቀረፋ፣ አራት ናና። በፈተናው ቀን ነርሷ ክዳን በከፈተች ቁጥር ዐይኗን ጨፈን አድርጋ ትስባለች፤ ባዶ አየር ይገባል፤ እሷም ትንሽ እንደማሰብ ብላ ትመልሳለች። እንዳይበዛ ብላ ሁለቱን አውቃ ሳተች። ነርሷ ደምራ «ጎበዝ አፍንጫ ነው» አለቻት። ምላጭ «በሽታ የለብኝም» በሚለው ወረቀት ላይ ስትፈርም የራሷን ፊርማ ረስታ ሁለት ጊዜ ጀመረችው።

መቆንጠሩ በማግስቱ ሆነ። ዶክተሯ በማደንዘዣ የራሰ ጥጥ አፍንጫዋ ውስጥ ወትፋ አሥር ደቂቃ እንድትጠብቅ ተወቻት። እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ከሦስቱ ዓመታት ይረዝማሉ። መቆንጠጫውን አልፈራችም፤ የፈራችው ካሜራውን ነው። አሁን ታየዋለች፣ አሁን «ይሄ ምንድነው?» ትላለች እያለች የወንበሩን ክንድ ጨመደደች። ቀጭኗ ካሜራ ገባች። ስክሪኑ ላይ ቀይ፣ እርጥብ ዋሻ ታየ። ዶክተሯ ቀረብ ብላ አየችና «ያምራል፤ ንጹሕ ነው» አለች። ከውጭ ሲያዩት ምንም የለበትማ። ከዚያ ከዐይኗ በስተኋላ ቅርጭጭ የሚል ድምፅ ሰማች፤ እንባዋ ሳታለቅስ ወረደ።

ምድር ቤት ስትመለስ ጋሽ ቀለም እንባዋን አይተው «አፍንጫ ሲመታ ዐይን ያለቅሳል ማለት ይሄ ነው» ብለው ቀለዱ። እሷም ሳቀችላቸው። መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ያኛው ለቅሶ ግን ከአፍንጫ የመጣ አልነበረም።

የዚያን ቀን የመጣው ናሙና አንድ ብቻ ስለነበር ቁጥሩን ማወቅ አላቃታትም። አሥራ ዘጠኝ። በሦስተኛው ቀን በሰም ተቀብሮ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ። ነጭ ሰም፣ በመካከሉ የምስር ክክ የምታህል ግራጫ ነጥብ። ምላጭ የራሷን ሥጋ አተኩራ አየችው። ማሽኑ ላይ አሰረችው። መዘውሩን ስትይዝ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ዝም ብላ ብታዞረውስ? ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ብታዞረው ነጥቡ ተልጦ ያልቃል። ናሙናው ትንሽ ነበር፣ ፈጀብኝ ትላለች። ማንም አይጠይቃትም። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቢበላሽባት ማን ይፈርድባታል?

እጇ መዘውሩ ላይ እንዳለ ብዙ ቆየች። ከጎን ልብስ ማጠቢያው ሲሽከረከር ይሰማል። አዞረች፤ ግን እንደ ሁልጊዜዋ ቀስ ብላ። ልጡ ወጣ፤ ያለ ስንጥቅ፣ ያለ ሽብሽባት። እጇን ማሳመን አልቻለችም። ስላይዱን ለጋሽ ቀለም ሰጠቻቸው።

በማግስቱ ጋሽ ቀለም ምሳ ሲወጡ ብቻዋን አየችው። ከብት የገባበት ማሳ። ሰማያዊው ሠራዊት ሞልቶታል። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሲደርስ እንዲህ ዐይንን ገልጦ ያያል ብሎ የነገራት የለም። መብራቱን አጥፍታ ስላይዱን ወደ ቦታው መለሰች፤ ያን ቀን ምሳም አልበላች።

ሃያ አራቱ ሲሞሉ ዶክተሯ ቁጥርንና ስምን የሚያገናኘውን ዝርዝር ከፈተች። የስሙ ዓምድ ጥናቱ እስኪያልቅ የታሸገ ስለሆነ ያየችው ጤነኛና ሕመምተኛ የሚለውን ብቻ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፊቷ ጠቁሮ ወደ ምድር ቤት ወረደች። አሥራ አራቱ ሕመምተኞች እንደጠረጠረችው ናቸው። ዘጠኙ ጤነኞች ንጹሕ ናቸው። አንዱ ጤነኛ ግን፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር፣ ከሕመምተኞቹ ከባዱን ይመስላል።

«በደንብ የሚያሸት ሰው እንዲህ ያለ ሥጋ ካለው፣» አለች ዶክተሯ፣ «ዓመት ሙሉ ስናገር የነበረው ሁሉ ልክ አይደለም ማለት ነው። ወይ ደግሞ ስላይድ ተቀያይሯል።»

ኃላፊው ወዲያው የጋሽ ቀለምን መነጽር አየ። ዐይናቸው መድከሙን ሁሉ ያውቃል። ቁጥር አምታተው ይሆን ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ቀለም አርባ ዓመት ሠርቻለሁ አሉ፤ ከዚያ ደግሞ «ይሆን ይሆናል፤ እኔ እንጃ» አሉ። ያቺ እኔ እንጃ የምላጭን አንጀት በጠሰችው። ኃላፊው እስከ ሰኞ ጽፈው ያስረዱ አለና ወጣ። ሽማግሌው የሃያ አራቱን ስላይዶች ሁሉ እንደገና አውጥተው፣ በአጉሊ መነጽር ቁጥር ከቁጥር ያስተያዩ ጀመር። ምላጭ እውነቱን ልትነግራቸው ቀረብ አለች፤ መልሳ ወደ ማሽኗ ሄደች። ከአሁን በፊት ሽታ ነው የጠፋት፤ አሁን ምላሷም ተከተለው።

ቅዳሜ ለምሳ የሚሆን ነገር ገዝታ ወደ ቤት ተመለሰች። ነፋስ ስለነበር መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ልጇ ወተት ጥዳ ለፈተና ልታጠና መኝታ ቤት ገብታ ነበር። ወተቱ ገንፍሎ እሳቱን ካጠፋው ቆይቷል። ምላጭ ይህን አላወቀችም። ያየችው የጠፋ ምድጃና ድስት ሥር የፈሰሰ ወተት ነው፤ ልጅቷ ዘግታው የሄደች መሰላት። ልጇ መተኛቷን አይታ ልቀስቅሳት አላለችም። ቲማቲም አጠበች፣ ሽንኩርት ላጠች። ክብሪት አነሣችና ጫረች። እንጨቱ ተሰበረ። ሁለተኛውን አወጣች።

«ጋዝ! ማን ቤት ነው ጋዝ የሚሸተው?» የሚል ድምፅ ከደረጃው መጣ። ሁለት ፎቅ በላይ የሚኖሩት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ናቸው። «እሳት እንዳትጭሩ!»

ምላጭ ክብሪቱን በአንድ እጇ፣ ሣጥኗን በሌላው እንደያዘች ደረቀች። ከዚያ ክብሪቱን መሬት ላይ ጥላ መዝጊያውን አጠበቀች፤ መስኮቱን ስትገፋ አንዱ መስታወት ረገፈ። ወደ መኝታ ቤት ሮጠች። ልጇ ደብተሯ ላይ ተደፍታለች። ጠራቻት፤ አልሰማችም። ነቀነቀቻት፤ ጭንቅላቷ እንደ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ አለ። በብብቷ አንሥታ ደረጃው ድረስ ጎተተቻት። እዚያ ልጅቷ አስመለሳት፤ ዐይኗን ገለጠች፤ «ራሴን» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ውኃ ይዘው ወረዱ። እሳቸው መጥፎ ሐሳብ የላቸውም፤ ገርሟቸው ነው የጠየቁት። «ሁለት ፎቅ ላይ ሆኜ እኔን ያፈነኝ፣ አንቺን እዚያው ቆመሽ እንዴት አልሸተተሽም?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለች ምላጭ።

ልጅቷ ይህን ሰማች። ጎረቤቲቱ እስኪሄዱ ጠበቀች። ከዚያ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች፣ ቀና ሳትል፣ «ሁለተኛው ክብሪት በርቶ ቢሆን ጉንፋን ነው ብለሽ ለማን ትነግሪ ነበር?» አለቻት። ከዚያች ልጅ አፍ ቀልድ ያልሆነ ነገር ስትሰማ ምላጭ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ምላጭ ከእናቷ ስትሰማ አድጋለች። እሁድ ቀኑን ሙሉ በየክፍሉ እየዞረች አሰበች። ሥራዋን አሰበች፤ መዝገብ ቤት የተላከውን ሰው አሰበች፤ የጋሽ ቀለምን ሐምራዊ ጣቶች አሰበች። ሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ የዶክተሯ በር ላይ ቆመች። ዶክተሯ ቁልፏን እየፈለገች መጣች።

«እትዬ፣ በጠዋቱ ምን ሆኑ?»

«ዶክተር፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር እኔ ነኝ፤ ስላይዱ አልተቀያየረም» አለች ምላጭ። «ጤነኛ አይደለሁም። ከሸተተኝ ሦስት ዓመት ሆኖኛል።»

ቀሪውን ቆማ ነገረቻት፤ ሻምፖውን፣ መልሱን የሸመደደችበትን ወረቀት፣ መዘውሩን ይዛ ያሰበችውን፣ ቅዳሜን። ዶክተሯ በሩን ሳትከፍት ሰማቻት። መጀመሪያ ፊቷ ላይ የመጣው እፎይታ ነበር፤ ጥናቱ አልፈረሰማ። ወዲያው ግን ቁጣ ተከተለ። ረጋ ብላ ተናገረች፤ ረጋ ማለቷ ይብሳል። ያ ሁሉ ሕመምተኛ አፍንጫውን የሰጠው እውነት ይገኝበታል ብሎ ነው አለች፤ ውጤቱን የማቀርብበት ስብሰባ የዛሬ ሳምንት ነው፤ እርስዎ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ በእርስዎ ውሸት ምክንያት የእነሱን እውነት ጥዬው ነበር። ከዚያ ዶክተሯ በሩን ከፈተች፣ ወንበር ሳበችላትና «ይቀመጡ፤ አሁን ደግሞ እንደ ታካሚ ይንገሩኝ» አለቻት። ፈተናው እንደገና ተደረገ፤ አሁን የእስክሪብቶዎቹ ተራ ተቀላቅሎ ነው። ከአሥራ ስድስቱ ሦስቱን አገኘች፤ እነሱንም በግምት። ከዚያ ስላይዶቹን ካየች ወዲህ ያመቀችውን ጥያቄ ጠየቀች፤ ወደ አንጎሌ ይሄዳል ወይ? ዶክተሯ እስካሁን ባየችው በአንዳቸውም ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልገጠማት ነገረቻት። ምላጭ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ለጋሽ ቀለም ራሷ ልትነግራቸው ወረደች። ማብራሪያ ሊጽፉ ወረቀት ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ስትጨርስ ወረቀቱን አጠፉት።

«እንግዲያው ሽታ ሲበዛ ክዳን የምትፈትሺው በምን ነበር?» አሏት።

«እርስዎ አፍንጫዎን ሲሸበሽቡ እያየሁ ነዋ።»

ጋሽ ቀለም መነጽራቸውን አወለቁ። ዛይሊን በአርባ ዓመት ውስጥ የራሳቸውን አፍንጫ እንዳደነዘዘው፣ የሚሸበሽቡትም መነጽራቸው ሲንሸራተት ወደ ላይ ለመመለስ እንደሆነ ነገሯት። «እኔ እኮ አንቺ ስትነሺ እያየሁ ነበር የምተማመነው» አሉ። ሁለቱም ጣሳዎቹን ዘወር ብለው አዩ። ማናቸውም አልሳቁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ክፍል የጠበቃት ማንም አልነበረም።

ነገሩ በዚህ አልተቋጨም። ኃላፊው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ ለሁለት ሳምንት ከሥራ ታገደች። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ስልክ በጮኸ ቁጥር የመዝገብ ቤቱ ጥሪ ይመስላት ነበር። መዝገብ ቤት ግን አልላኳትም። ዶክተሯ ለኃላፊው ምን እንዳለችው ምላጭ በትክክል አታውቅም፤ ራሷን የሚያጋልጥ ስላይድ በዚያ ጥራት የቆረጠ እጅ አይጣልም ማለቷን ግን ከነርሷ ሰማች። ዛይሊን ባለበት ብቻዋን እንዳትሠራ ታዘዘ። ግድግዳው ላይ ትነት ሲበዛ የሚጮኽ መሣሪያ ተሰቀለ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ ጮኸ፤ አራቱንም ጊዜ እሷና ጋሽ ቀለም ተያይተው ወጡ። ቤቷም እንዲህ ያለ መሣሪያ አስገባች። ጋሽ ቀለም በቀናቸው፣ ያለ አንዳች ነቀፋ፣ ጡረታ ወጡ።

አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ከጤነኞቹ ዓምድ ወጥቶ ከሕመምተኞቹ ጋር ተመዘገበ፤ አሥራ አምስተኛ ሆነ። ዶክተሯ ስላይዱን አብረው ሲያዩት በጣቷ አንድ ጥግ አሳየቻት። እዚያ፣ በሰማያዊው መካከል፣ ስድስት ሰባት ቡናማ ነርቮች ቆመዋል። ይበቅላሉ ወይ አለቻት ምላጭ። ዶክተሯ አላውቅም አለች። በሕይወት አሉ ማለት ይበቅላሉ ማለት አይደለም፤ ምንም ቃል አልገባልዎትም፤ ከዓመት በኋላ ግን እንደገና ብናይ ጥሩ ነው አለቻት።

ዓመቱ ሞላ። በመካከሉ ምላጭ ጠዋትና ማታ ሎሚና ቅርንፉድ ስታሸት ከረመች። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ የሆነ ነገር አፍንጫዋን ነካ አደረገው፤ የተቃጠለ ወረቀት ይመስላል፤ እሳት የተነሣ መስሏት ደንግጣ ተነሣች። ምንም አልነበረም፤ ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ ወዲህ ያ ሽታ አልፎ አልፎ ይመጣል። መመለስ ይሁን ሌላ መበላሸት የሚነግራት የለም፤ ስለዚህ በመጣ ቁጥር አሁንም ትፈራለች።

ለሁለተኛው መቆንጠር የሄደች ዕለት ኮሪደሩ ላይ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ተቀምጦ አገኘች። ሽታ ካጣ አራት ዓመቱ ነው፤ ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ከቶ ይጨምቃል።

«እርስዎ ከዚህ በፊት አስደርገዋል?» አላት።

«አንድ ጊዜ» አለችው። «በጤነኛ ስም።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቃት። ተራዋ እስኪደርስ ሁሉንም ነገረችው። ጨርሳ ስትነሣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንዳይታይባት በጋዋኗ ኪስ ከተተችው። በኋላ ግን ሐሳቧን ለውጣ አወጣችውና፣ እንዳለ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ የክፍሉን በር ከፈተችበት።